ካዱ የተባሉ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ካርቱም ውስጥ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር በችሎት አዳራሽ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆማ ፍርዷን ትጠብቅ ነበር። መርየም ኢብራሂም ትባላለች። አባቷ ሱዳናዊ ሙስሊም፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናቸው። አባቷ ገና በልጅነቷ ስለተለዩዋት በእናቷ እጅና በእናቷ ሃይማኖት አደገች። ፍርድ ቤቱ ግን የአባቷን ሃይማኖት ቆጥሮ ከእስልምና ወጥታለች አለ፤ እንድትመለስም የሦስት ቀን ቀነ ገደብ ሰጣት። ቀኑ ሲደርስ አንድ የሃይማኖት ሰው ፍርግርጉ ድረስ ተጠግቶ መከራት። እሷም ክርስቲያን መሆኗን፣ የካደችው አንዳችም ነገር እንደሌለ ተናገረች። የስቅላት ሞት ተፈረደባት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጇ አብሯት ታስሯል። ሴት ልጇን ኦምዱርማን እስር ቤት ውስጥ የወለደችው እግሯ በሰንሰለት እንደታሰረ ነው። ከብዙ አገሮች ተቃውሞ ከተሰማ በኋላ በሰኔ ወር ተፈታች።

ይህን የሰማ አማኝ ሁሉ፣ መስቀል ያሰረም ሆነ ሶላት የሚሰግድ፣ በልቡ አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ እኔ ብሆንስ? ልጄ ከጎኔ ታስሮ፣ ሌላው በሆዴ ሆኖ፣ አንዲት ቃል ብቻ ብናገር ሁላችንም ቤታችን እንደምንገባ ቢነገረኝስ?

ታሪክ ለዚህ መልስ አያጣም። ችግሩ መዝገቡ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ነው። ስንክሳር በየዕለቱ የሚያነሣቸው አንገታቸውን ለሰይፍ የሰጡትን ነው። ፈርቶ የካደው፣ ቃሉን ተናግሮ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረው ሰው ገድል አይጻፍለትም። ጴጥሮስ ብቻ ነው ሦስት ጊዜ መካዱ በወንጌል ሰፍሮ፣ ዶሮ በጮኸ ቁጥር የሚታወሰው። የሌሎቹን ፈለግ ለማግኘት ከገድል ውጭ መፈለግ ግድ ይላል፤ በደብዳቤ፣ በሕግ መጽሐፍ፣ በቆሻሻ ክምር ውስጥ ሳይቀር።

የቆሻሻ ክምር ሲባል በእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ250 አካባቢ የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዴሲየስ፣ የስንክሳሩ ዳኬዎስ፣ የግዛቱ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። የሠዋ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠው ነበር። ከግብፅ አሸዋ ውስጥ ከ40 በላይ እንዲህ ያሉ የፓፒረስ ወረቀቶች ተገኝተዋል። ይዘታቸው ዛሬ በቀበሌ እንደሚሞላ ቅጽ ተመሳሳይ ነው፤ አመልካቹ ስሙንና መንደሩን ይጽፋል፣ ዘወትር ለአማልክት ሲሠዋ እንደኖረ ይገልጻል፣ አሁንም በሹማምንቱ ፊት መጠጡን አፍስሶ ከመሥዋዕቱ እንደቀመሰ ጠቅሶ እንዲፈረምለት ይለምናል። በሥሩም ምስክሮቹ ይፈርማሉ። አንድ ሰው በሕይወት ለመቆየት የከፈለውን ዋጋ እንዲህ በቅርብ የሚያሳይ ማስረጃ ከዚያ ዘመን ብዙም አልተረፈም።

የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስ እንደጻፈው በከተማው የተሰለፈው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ፣ ሲመሽ ሹማምንቱ ነገ ተመለሱ ሲሏቸው ዛሬውኑ እንሠዋ እያሉ የሚለምኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። ማንም ሳይነካቸው፣ እስራትም ሳይደርስባቸው ሊሠዉ የሄዱ ነበሩ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ሳይሠዉ ለባለሥልጣን ገንዘብ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ገዙ። ቆጵርያኖስ ራሱ ተደብቆ በሕይወት ተርፏል፤ ለዚህም ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። ከስምንት ዓመት በኋላ በሌላ ስደት ሲያዝ ግን አልሸሸም፤ አንገቱን ተሰይፎ ሞተ። እንግዲህ ይህን ሰው ከየትኛው ወገን እንቁጠረው? አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ስደቱ ሲበርድ የቤተ ክርስቲያን ትልቁ ጭቅጭቅ ስለ ገዳዮቹ አልነበረም። የወደቁት ይመለሱ ወይስ አይመለሱ የሚለው ነበር። ከወረቀት ገዥውና ከሠዋው የማን ኃጢአት ይከብዳል? ንስሐው ስንት ዓመት ይሁን? ሮማ ውስጥ ኖቫቲያን የካደን ሰው መልሶ መቀበል አይቻልም ብሎ ተገነጠለ። እ.ኤ.አ. በ303 በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሚያቃጥሉ ወታደሮች አሳልፈው የሰጡ ካህናት ጉዳይ ደግሞ የሰሜን አፍሪካን ቤተ ክርስቲያን ከመቶ ዓመት በላይ ለሁለት ከፍሏት ኖሯል።

ሌሎቹም ሃይማኖቶች ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል፤ መልሳቸው ግን የተለያየ ነው። በመካ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ሲሰቃዩ፣ ከሐበሻ ዘር የሆነው ቢላል በጋለ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት የአንዱን አምላክ ስም ብቻ ይደጋግም ነበር። የዐማር እናት ሱመያ በጦር ተወግታ ሞተች። ዐማር ግን ሥቃዩ ሲበረታበት አሳዳጆቹ የጠየቁትን ተናገረ፤ ከዚያም እያለቀሰ ወደ ነቢዩ መጣ። ነቢዩም ልብህ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። ልቡ በእምነቱ እንደረጋ ሲነግራቸው፣ ዳግመኛ ቢያስገድዱህ እንዲሁ አድርግ አሉት። ተገዶ ቃል የተናገረ ልቡ በእምነት እስከረጋ ድረስ እንደማይወቀስ የሚገልጸው የቁርአን ሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ደግሞ ሦስተኛውን መንገድ መርጠዋል፤ መሞትም መካድም ሳይሆን መሸሽን።

የአይሁድ ሕግ መስመሩን በሌላ በኩል ያሰምራል። ከጣዖት አምልኮ፣ ከዝሙትና ከነፍስ ግድያ በቀር ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ትእዛዛቱን ሊጥስ ይችላል። በ12ኛው መቶ ዘመን የአልሞሃድ ገዥዎች በሰሜን አፍሪካና በስፔን አይሁዶችን በግድ ሲያሰልሙ፣ አንድ ራቢ የእስልምናን ምስክርነት የተናገረ አይሁዳዊ ሁሉ ጸሎቱ ከንቱ ነው ብሎ ፈረደ። አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ በቁጣ ደብዳቤ ጽፎ መለሰለት። የተጠየቁት ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉን ተናግሮ በቤቱ እምነቱን የጠበቀ ሰው ከማኅበሩ አይወጣም፤ ነገር ግን ያን አገር ትቶ ይሂድ የሚል ነበር ምክሩ። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው ሕግ ከሚተነትን ሊቅ ይልቅ የተጨነቁ ቤተሰቦችን የሚያጽናና ሽማግሌ ይታየዋል።

ይህን ጥያቄ እንደ ጃፓን ያለ ጭካኔ በተሞላበት ብልሃት የፈተነ መንግሥት ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ፤ በ1614 ክርስትና በአገሪቱ ሁሉ ታገደ። ገዥዎቹ ውለው አድረው የተረዱት ነገር ቢኖር፣ የሞተ ካህን ሰማዕት ሲሆን የካደ ካህን ግን ሺህ ምእመናንን ይዞ እንደሚወድቅ ነው። ስለዚህ መግደሉን ትተው ማስካዱን አጥብቀው ያዙ። እስረኛው ተጠፍሮ በቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ቁልቁል ይሰቀላል፤ ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ወርዶ ቶሎ እንዳይሞት ግንባሩ ላይ በትንሹ ይበጣል። በጥቅምት 1633 በጃፓን የኢየሱሳውያን አለቃ ክሪስቶቫዎ ፌሬራ አምስት ሰዓት ያህል እንደተሰቀለ ካደ። አብሮት የተሰቀለው ጃፓናዊው ካህን ጁሊያን ናካውራ፣ በልጅነቱ ሮም ድረስ ሄዶ የተመለሰው፣ ሳይክድ ሞተ። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሥቃይ፣ ሁለት ፍጻሜ። ለምን እንዲያ ሆነ የሚለውን በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል የለም።

ተራው ሕዝብስ? ናጋሳኪ ውስጥ በየዓመቱ የክርስቶስ ወይም የማርያም ምስል የተቀረጸበት ሰሌዳ መሬት ላይ እየተነጠፈ እያንዳንዱ ሰው በእግሩ እንዲረግጠው ይገደድ ነበር። ብዙዎቹ ረግጠውታል። ረግጠውም ቤታቸው ገብተው የንስሐ ጸሎት ደግመዋል፤ ልጆቻቸውን በድብቅ አጥምቀዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካህን ሳያዩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1865 የኡራካሚ ገበሬዎች አዲስ ወደተሠራው የኦውራ ቤተ ክርስቲያን መጡና ለፈረንሳዊው ካህን ልባችን ከልብህ ጋር አንድ ነው አሉት። ሁሉም ምስሉን አንረግጥም ብለው ሞተው ቢሆን ኖሮ፣ በዚያን ቀን ያን በር የሚያንኳኳ ሰው ባልኖረ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ነገሩ በውኃ ይታያል። በ16ኛው መቶ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት እጅግ ብዙ ክርስቲያን ሰልሞ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ የተመለሰውን ሁሉ ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ቤተ ክህነትን አስጨነቀ። መልሱ መጽሐፈ ቄደር ሆነ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ በውኃ የሚፈጽመው፣ የካደን ሰው የሚመልስ የንስሐ ሥርዓት ነው። ዛሬም ይሠራበታል። በቀጣዩ መቶ ዘመን ግዳጁ ከራሱ ከቤተ መንግሥቱ መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን ካወጁ በኋላ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱም እንደገና ይካን ሲባል አገሩ በዓመፅ ታመሰ። እንደ ወለተ ጴጥሮስ ያሉ የመኳንንት ሴቶች ባላቸውን ትተው መነኑ፤ በንጉሡም ፊት አንቀበልም አሉ። በ1632 ንጉሡ አዋጁን ሻሩ።

ክርስቲያኑ አስገዳጅ የሆነበትንም ዘመን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ደግሞ አመፁ፤ ሌላው ተሰደደ። የቀረው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነ። ሚሲዮናዊው አባ ማስያስ እንደጻፉት ተጠማቂዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ እየሄዱ ጥምቀቱን ያስፍቁት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲታይ ሰው በሞት ፊት ምን እንደሚያደርግ ከእምነቱ ጥንካሬ ብቻ መገመት አይቻልም። የሚጠየቀው ቃል ነው ወይስ ድርጊት? ዛቻው በራሱ ላይ ነው ወይስ በልጁ? ብቻውን ነው ወይስ ከወንድሞቹ ጋር? በኋላ የሚመለስበት በር አለ? አንትሮፖሎጂስቱ ስኮት አትራንና ባልደረቦቹ ኢራቅ ውስጥ በጦር ግንባር ያሉ ሰዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ለመሞት ቆርጦ የሚነሣው በዋጋ የማይለወጥ እሴት ያለውና ራሱን ከማኅበሩ ለይቶ የማያይ ሰው መሆኑን አሳይተዋል። ጥናቱ ስለ ተዋጊዎች እንጂ ሰንሰለት ውስጥ ስላለች እናት አይደለም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ሊቢያ ባሕር ዳርቻ ላይ በእስላማዊ መንግሥት (አይሲስ) ታጣቂዎች ስለታረዱት 20 ግብፃውያንና አንድ ጋናዊ የሚነግረን ነገር አለ፤ ተሰልፈው፣ ጎን ለጎን ተንበርክከው የአምላካቸውን ስም እየጠሩ ነው የሞቱት። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ግድያ ቪዲዮ ሲወጣ አዲስ አበባ ጨርቆስ ሰፈር ውስጥ ልጆቻቸውን በስክሪን ላይ የለዩ ቤተሰቦች ድንኳን ተከሉ። ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕታት አለቻቸው።

መካድም ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ኢራቅ ውስጥ የእስላማዊ መንግሥት ታጣቂዎች የየዚዲ ሃይማኖት ተከታዮችን ኮቾ መንደር ከብበው ስለሙ አሉ። እምቢ ሲባሉ ሕዝቡን ትምህርት ቤት ሰብስበው ወንዶቹን በመኪና እያወጡ ረሸኗቸው፤ ሴቶቹን ለባርነት ወሰዱ። በሌሎች መንደሮች ቃሉን ተናግረው የተረፉ ቤተሰቦች ወደ ታል ዐፈር አካባቢ ተወስደው እየሰገዱ፣ ጉልበታቸው እየተበዘበዘ ኖሩ። በ2015 የጸደይ ወራት ግን ታጣቂዎቹ መስለማችሁ የውሸት ነው ብለው ወንዱን ከሴቱ ለዩ።

መርየም የተፈረደባት ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2020 ሃይማኖት ለውጧል በሚል የሚፈረደውን የሞት ቅጣት ከሕጓ አውጥታለች። የየዚዲዎቹ መንፈሳዊ አባት ባባ ሼክም ከምርኮ የተመለሱት ሴቶች ንጹሓን መሆናቸውን፣ ማኅበሩም እንዲቀበላቸው አወጁ። ሴቶቹ ወደ ላሊሽ ቤተ መቅደስ ሄደው በነጩ ምንጭ ውኃ ታጠቡ፤ ፊታቸውንና ራሳቸውን በውኃው እያስነኩ እንደገና የማኅበሩ ልጆች ተባሉ። በ2019 ግን የሃይማኖቱ ከፍተኛ ምክር ቤት ይህ አቀባበል ሴቶቹ በምርኮ ሳሉ ከታጣቂዎቹ የወለዷቸውን ልጆች እንደማይጨምር አስታወቀ። እንዲህ ያለ ልጅ የያዘች እናት ወይ ልጇን ወይ ማኅበሯን እንድትመርጥ ተገደደች።