ተደጋጋሚ የድረ ገጽ ሥራዎችን በአጭር ስክሪፕት ስለማከናወን ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ቀደም ሲል በመስኮት ፊት ተሰልፎ ይጠየቅ የነበረ በርካታ አገልግሎት ዛሬ በድረ ገጽ በሚሞላ ቅጽ የሚጠየቅ ሆኗል። ይህ ሰልፉን ቢቀንስም ተመሳሳይ መረጃን ደጋግሞ የመጻፍን ድካም አላስቀረም። ለምሳሌ 20 ሠራተኞች ያሉት አንድ አነስተኛ ድርጅት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 12 የመሙያ ሳጥኖች ያሉት ቅጽ ቢያቀርብ፣ በአንድ ጊዜ 240 መረጃዎችን በእጅ መጻፍ ይኖርበታል። ለመላው ቤተሰቡ የሚያመለክት ሰውም ሆነ በኢንተርኔት ካፌ ሌሎችን የሚያግዝ ባለሙያ ተመሳሳይ ድካም አለበት።

ይህን ድካም ለማቃለል ቅጹን በተጠቃሚው ፈንታ የሚሞሉ አጫጭር ስክሪፕቶችን መጠቀም እየተለመደ መጥቷል። አሠራሩ በራሱ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ስክሪፕት የሚደግመው የታዘዘውን ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን መረጃ እንደሚደግም ሁሉ የተሳሳተውንም ሳያመነታ ይደግማል። በመሆኑም የመጻፉን ሥራ ለስክሪፕት መስጠት ይቻላል፤ የማረጋገጡ ሥራና ኃላፊነቱ ግን ምንጊዜም ከአመልካቹ ጋር ይቀራል። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ተገልጋዮች ይህን ልዩነት ጠብቀው እንዲሠሩ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. ስክሪፕት ምንድን ነው?

ስክሪፕት ኮምፒዩተር በቅደም ተከተል የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የተጻፉበት አጭር ጽሑፍ ነው። በድረ ገጽ ማሰሻ ላይ የሚሠራ ስክሪፕት አንድን ሳጥን ፈልጎ ያገኛል፤ የተሰጠውን ቃል ይጽፍበታል፤ ከዝርዝር ውስጥ ይመርጣል፤ ቁልፍ ይጫናል፤ ወደሚቀጥለው ገጽም ያልፋል። ማሰሻዎች በቀጥታ የሚረዱት የስክሪፕት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 በብሬንዳን አይክ የተፈጠረው ጃቫስክሪፕት ነው።

በአገልግሎት ላይ የሚውሉት ዘዴዎች ከቀላል ወደ ከባድ በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅና ሳፋሪን በመሳሰሉ ማሰሻዎች ውስጥ አስቀድሞ የሚገኘው ቅጽን በራስ የመሙላት አገልግሎት ነው። ይህ ስም፣ አድራሻና ስልክ ቁጥርን አስታውሶ ይሞላል፤ ስክሪፕት መጻፍን አይጠይቅም።

ሁለተኛው ቡክማርክሌት የሚባለው ሲሆን፣ እንደ ዕልባት ተቀምጦ በተጫኑት ጊዜ በተከፈተው ገጽ ላይ የሚሠራ አጭር ስክሪፕት ነው።

ሦስተኛው በማሰሻው ላይ የሚጫን ኤክስቴንሽን ነው። አንዳንዶቹ ተጠቃሚው አንድ ጊዜ ሲሠራ ያደረገውን መዝግበው በሌላ ጊዜ ይደግሙታል።

አራተኛው እንደ ሴሌኒየምና ፕሌይራይት ያሉ፣ በዋናነት ድረ ገጾችን ለመፈተሽ የተዘጋጁና የፕሮግራም ዕውቀት የሚጠይቁ መሣሪያዎች ናቸው።

ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ጥቂት ማመልከቻ ለሚያቀርብ ሰው የመጀመሪያው ዘዴ ይበቃል። የተቀሩት ጠቃሚ የሚሆኑት የሚሞላው ቅጽ ብዙና ተመሳሳይ ሲሆን ነው።

2. ስሕተት በብዛት የሚከሰትባቸው ቦታዎች

ብዙዎቹ መሣሪያዎች የተዘጋጁት የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር፣ የስም አጠራርና ፊደል ታሳቢ በማድረግ አይደለም። ስለሆነም የሚከተሉት ቦታዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ሀ. የልደት ቀን። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንታት 7 ዓመት ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 1 ወዲህ 8 ዓመት ይሆናል። ሐምሌ 5 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 1998 የተወለደ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደው ግን ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ነው። በሁሉም ላይ 8 ዓመት እንዲደምር የታዘዘ ስክሪፕት የሁለተኛውን ሰው ዕድሜ በአንድ ዓመት ያሳንሳል፤ ወሩንና ቀኑን ካልቀየረ ደግሞ የመጀመሪያውንም ያበላሻል። 12 ወራትን ብቻ የሚያውቅ ስክሪፕት በጳጉሜን የተወለደን ሰው ሊመዘግብ አይችልም። በአንድ ማስረጃ ላይ የገባ የልደት ቀን ስሕተት በሌላው ላይ ከሰፈረው ጋር ሲጋጭ የባለጉዳዩን ሥራና ጉዞ ሊያስተጓጉል ይችላል።

ለ. ስም። በኢትዮጵያ የግለሰቡ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በቅደም ተከተል ይጻፋሉ። የማሰሻዎች ራስን የመሙላት አገልግሎት ግን የግል ስምንና የቤተሰብ ስምን መሠረት ያደረገ ነው። በዚህ ምክንያት የአያት ስም በአባት ስም ሳጥን ውስጥ ሊገባ ወይም የአባት ስም ከነጭራሹ ሊዘለል ይችላል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አገር ቅጽ ላይ የሞሉትን ስም ማሰሻው አስታውሶ በዚያው አቀማመጥ በኢትዮጵያ ቅጽ ላይ ሊጽፈው ስለሚችል፣ ይህን በተለይ ማጣራት ይገባቸዋል።

ሐ. ፊደል። ኃይሌ፣ ሀይሌና ሃይሌ ለአንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ጸሐይና ፀሐይም እንዲሁ። በስክሪፕቱ ውስጥ የተጻፈው ስም በልደት የምስክር ወረቀት ወይም በመታወቂያ ላይ ከሰፈረው ጋር በፊደል ደረጃ መመሳሰል አለበት።

መ. ሰዓት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 9:00 ነው። ዓለም አቀፉን ሰዓት በሚጠይቅ ሳጥን ውስጥ 3:00 ብሎ የሚጽፍ ስክሪፕት ቀጠሮውን በስድስት ሰዓት ያዛባዋል።

ሠ. ረጃጅም ቁጥሮች። መረጃቸውን በኤክሴል ሠንጠረዥ አዘጋጅተው በስክሪፕት የሚያስገቡ ተገልጋዮች ሁለት ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። አንደኛ፣ ሠንጠረዡ በ09 ወይም በ07 የሚጀምርን ስልክ እንደ ተራ ቁጥር ሲቆጥር የፊቱን ዜሮ ያጠፋዋል። ሁለተኛ፣ ሠንጠረዡ በቁጥርነት በትክክል የሚይዘው 15 አኃዞችን ብቻ ስለሆነ በፋይዳ ካርድ ላይ እንዳለው 16 አኃዝ ያለው ቁጥር ሲገባ የመጨረሻውን አኃዝ ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። ለሁለቱም መፍትሔው ቁጥሩን ከማስገባት በፊት ዓምዱን በጽሑፍነት መሰየም ነው።

ረ. የገጽ ለውጥ። አንዳንድ ስክሪፕት ሳጥኑን የሚለየው «ሦስተኛው ሳጥን» በሚል ቦታ ነው። በቅጹ ላይ አንድ አዲስ ጥያቄ ከተጨመረ ከዚያ በኋላ ያሉት መልሶች በሙሉ አንድ ደረጃ ይንሸራተታሉ። ትላንት በትክክል የሠራ ስክሪፕት ዛሬም በትክክል እንደሚሠራ ማረጋገጫ የለም።

3. ለስክሪፕት መሰጠት የሌለባቸው ተግባራት

የይለፍ ቃል በስክሪፕት ውስጥ አይጻፍም። ስክሪፕት ማንም ከፍቶ ሊያነበው የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒዩተር ላይ የተረሳ ስክሪፕት የይለፍ ቃሉን ለሚቀጥለው ተጠቃሚ አሳልፎ ይሰጣል።

በስልክ የሚላክ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር የተዘጋጀው ባለቤቱ ራሱ መኖሩን ለማረጋገጥ ነው። ስለዚህ ለስክሪፕትም፣ ለደላላም፣ «እኔ ልሙላልዎት» ለሚል ሰውም አይሰጥም። የሥዕል ወይም የፊደል መለያ ጥያቄ የሆነውን ካፕቻም ባለጉዳዩ ራሱ ሊመልሰው ይገባል።

«የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው» የሚለውን ማረጋገጫ ምልክት ማድረግና «ላክ» የሚለውን ቁልፍ መጫንም የአመልካቹ ተግባራት ናቸው። ስክሪፕቱ እስከ መጨረሻው ገጽ ሞልቶ እንዲቆም ማድረግና ከዚያ ወዲያ ያለውን በዓይን አንብቦ በእጅ መፈጸም ተገቢ ነው።

4. ስለ ሕጋዊ ኃላፊነት

የራስን ቅጽ በራስ መረጃ በስክሪፕት መሙላትና የሥርዓቱን ጥበቃ ማለፍ ወይም አገልግሎቱን ማወክ የተለያዩ ናቸው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትና የሥርዓቱን መደበኛ ተግባር ሆን ብሎ ማወክ በወንጀል ያስጠይቃሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚሰበስቡና የሚያቀናብሩ አካላትን ግዴታ ይደነግጋል። የሠራተኞቹን ወይም የደንበኞቹን መረጃ በሠንጠረዥ አከማችቶ በስክሪፕት የሚሞላ ድርጅት ይህን ሊያስብበት ይገባል።

የቀጠሮ ገጽን በየሰከንዱ ደጋግሞ የሚከፍት ስክሪፕት ቀጠሮ አይፈጥርም፤ ገጹን ለሌሎች ያዘገያል። ብዙ ሥርዓቶችም እንዲህ ያለውን ተጠቃሚ ለይተው ለጊዜው ያግዳሉ። «429» የሚል መልእክት ከታየ ከመጠን በላይ ጥያቄ መላኩን ስለሚያመለክት ስክሪፕቱን ማቆምና ቆይቶ በእጅ መሞከር ይገባል። የአገልግሎቱ የአጠቃቀም ደንብ ስክሪፕትን የሚከለክል ከሆነም ደንቡ መከበር አለበት።

5. ከመጠቀም በፊት መከናወን ያለባቸው ተግባራት

1ኛ. ስክሪፕቱ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ። በማኅበራዊ ሚዲያ ወይም በቴሌግራም የተላከና ይዘቱ የማይታወቅ ጽሑፍን በማሰሻ ላይ መለጠፍ አደገኛ ነው። ተጠቃሚው በገባበት ገጽ ላይ የሚሠራ ስክሪፕት በእርሱ ስም ማንኛውንም ነገር ሊፈጽም ይችላልና። ማሰሻው ስለ መለጠፍ ማስጠንቀቂያ ካሳየ ማስጠንቀቂያውን ማክበር ይገባል።

2ኛ. ኤክስቴንሽን ሲጫን የሚጠይቀውን ፈቃድ ማንበብ። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃን ማንበብና መለወጥ» የሚል ፈቃድ የባንክ ገጽንም ይጨምራል።

3ኛ. ትክክለኛውን አድራሻ ማረጋገጥ። ስክሪፕቱ በሐሰተኛ ገጽ ላይም ያለ ጥርጣሬ መረጃውን ይሞላል።

4ኛ. በአንድ ማመልከቻ መሞከር። አንዱን ሞልቶ ከዋናው ማስረጃ ጋር ማመሳከርና ትክክል ሲሆን ብቻ ወደቀሩት መሄድ ያስፈልጋል። ከሃያው ማመልከቻ በኋላ የተገኘ ስሕተት ሃያ ጊዜ መታረም አለበት።

5ኛ. በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል ጥቂት ሰከንድ ማቆየት። ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ የሚጽፍ ስክሪፕት መረጃ ይዘላል።

6ኛ. የማመልከቻ ቁጥሩንና የደረሰኙን ቅጂ ማስቀመጥ፤ የጋራ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ ስክሪፕቱን፣ ሠንጠረዡንና በማሰሻው የተቀመጠውን መረጃ አጥፍቶ ከአካውንት መውጣት።

6. ስሕተት ከተፈጠረ

የተሳሳተ መረጃ የተላከ መሆኑ ሲታወቅ ሌላ አዲስ ማመልከቻ በላዩ መላክ ሳይሆን የማመልከቻ ቁጥሩን ይዞ አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም በፍጥነት ማሳወቅ ይሻላል። ሁለት የሚጋጩ ማመልከቻዎች ጉዳዩን ያወሳስባሉ እንጂ አያፈጥኑትም። የይለፍ ቃል ወይም የማረጋገጫ ቁጥር ለሌላ ሰው ደርሷል የሚል ጥርጣሬ ካለም በመጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ከሌላ አስተማማኝ መሣሪያ መለወጥ፣ ቀጥሎም ለተቋሙ ማመልከት ይገባል።

በስክሪፕት መጠቀም ግዴታ አይደለም። ቅጹን በእጁ የሚሞላ ተገልጋይም በስክሪፕት የሚታገዘውም በሕግ ፊት የሚጠየቁት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በስማቸው የቀረበው መረጃ እውነተኛና ትክክለኛ መሆኑ ነው።