ብረትና የልብ ሁከት

ስለ ደም ማነስ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው የፊትን መገርጣትና የጉልበትን መዛል ነው፤ ብረት በሄሞግሎቢን ውስጥ ሆኖ ኦክሲጅንን ለብልቶች ሁሉ እንደሚያደርስ ተማሪው ሁሉ ያውቀዋልና አልደግመውም። እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ማዕድን በነርቭና በሆርሞን ላይ ያለው ሥልጣን ነው።

ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ ነርቮቹ ኖርአድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያፈስሳሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ድንጋጤው ሲያልፍም ሆርሞኑ ከፊሉ ወደ ነርቩ ይመለሳል፣ ከፊሉ ፈርሶ ይወገዳል። የዚህን ሆርሞን ሥራ የሚጀምረው ኢንዛይም ያለ ብረት የማይንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ብረት ሲጐድል ሆርሞኑም ይጐድላል ብሎ መገመት የተገባ ነበር። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ሐኪሞች ብረት የጐደላቸውን ሕፃናት ሽንት ቢመረምሩ ኖርአድሬናሊኑ ከልክ በላይ በዝቶ አገኙት፤ ብረት ከተሰጣቸውም በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ልኩ ተመለሰ። ሆርሞኑን ከሚያፈርሱት አንዱ፣ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ በብረት እጥረት እንደሚደክም ታውቋል፤ በኋላ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራም ሆርሞኑን ወደ ነርቩ የሚመልሰው ፕሮቲን አንሶ ተገኘ። እንግዲህ ጥፋቱ ከምንጩ ሳይሆን ከማስወገጃው መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ብረት የጐደለው ሥጋ ሙቀቱን መጠበቅ ስለሚሳነው ነርቮቹ ያለ ዕረፍት ይተጋሉ።

በአዳማ፣ አዛውንቶቹ ዛሬም ናዝሬት በሚሏት ከተማ፣ ጐረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት በዚያ ሐሩር ጋቢ ደርበው «ልቤ ይመታብኛል፣ ይበርደኛል» ሲሉ፣ መንደሩ «ሐሳብ አብዝተው ነው» ይላቸው ነበር። ሐሳብስ አልጠፋም፤ ነገር ግን ደማቸው ሲመረመር የጐደለው ብረት ነበር።

«የአድዓን ጤፍ የሚበላ ሰው ብረት አይጐድለውም» የሚሉትን ደግሞ ልቃወማቸው እወዳለሁ። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ በከብት ኮቴ ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈር ብረትም ለአንጀት እጅግም አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 24 በመቶ ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ይህም ሁሉ ከብረት እጥረት ብቻ አይደለም፤ ከመቂና ከዝዋይ እስከ ወንጂ ወባም የደም ሕዋሳትን ያጠፋልና የብረት ክኒን ከመዋጥ በፊት መመርመር ይገባል።

ክኒኑን ከምሳ በኋላ በቡና ወይም በሻይ የሚያወራርዱት ግን ያስቈጡኛል፤ ሁለቱም የብረትን ወደ ደም መግባት ይከለክላሉና። የልብ ምቱ ጸጥ ሲል ክኒኑን የሚያቋርጡትም እንዲሁ ናቸው፤ የደሙ መጠን ከተስተካከለ በኋላ እንኳ የብረት ማከማቻው እስኪሞላ ድረስ ሐኪሙ የሚያዘው ወራት ይቀራልና።