«ያለፈው ልጅሽ እንዲህ አልነበረም»፦ ስለ ፅንስ እንቅስቃሴ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ በየጤና ጣቢያው የእርግዝና ክትትል ወረፋ ይዘው የሚቀመጡ እናቶች ወሬያቸው ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ያርፋል። የአንዷ ገና በአራተኛ ወሯ ተንቀሳቅሷል፤ የሌላዋ አምስተኛውን ጨርሳም ዝም ብሏል። ዝም ያለባት ስትሰጋ ምክሩ ይዘንብላታል፤ «ሴት ናት፣ ሴት ትዘገያለች»፣ «ወንድማ ቢሆን በቀኝ በኩል ይራገጥ ነበር»፣ «ያለፈው ልጅሽ እንዲህ አልነበረም»።

ከፆታው እንጀምር። የርግጫው ጊዜም ሆነ ጎን ወንድና ሴት አይለይም። በቀኝ ረገጠ ማለት እግሩ በቀኝ በኩል ነው ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ፅንስ መንቀሳቀስ የሚጀምረው እናቱ ሳይታወቃት ነው፤ በ8ኛው ሳምንት ገደማ በአልትራሳውንድ ይታያል። የበኩሯን የያዘች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማት ከ18 እስከ 20 ሳምንት ላይ ነው፣ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። የወለደች ግን በ16ኛው ሳምንት ገደማ ልትለየው ትችላለች፤ የመጀመሪያዎቹ እንቅስቃሴዎች የሆድ ንፋስ ስለሚመስሉ፣ ቀድማ የምታውቃቸው ሴት ቶሎ ትለያቸዋለች።

ታዲያ ሁለተኛው እርግዝና ከመጀመሪያው ዘግይቶ ቢሰማስ? ይህም ያጋጥማል። የእንግዴ ልጁ በማህፀን የፊት ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ በፅንሱና በእናቱ ሆድ መካከል እንደ ትራስ ስለሚሆን ርግጫውን ያለዝበዋል። ለአንዲት ሴት በአንዱ እርግዝና ከኋላ የነበረው በሌላው ከፊት ሊሆን ይችላል። የፅንሱ አቀማመጥ፣ የሽርት ውሃው መጠንና የእናትየዋ ውፍረትም ለውጥ ያመጣሉ። 24 ሳምንት ሞልቶ ምንም ያልተሰማት እናት ግን መታየት አለባት።

እስካሁን ያልነው ቢሳሳቱበትም ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ቀጥሎ ያለው ነው።

«መውለጃው ሲቀርብ ልጅ ይረጋል፣ ቦታ ይጠበዋል» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። እንቅስቃሴው እስከ 32ኛው ሳምንት እየጨመረ ይሄድና ከዚያ ባለበት ይቀጥላል። ርግጫው ወደ መግፋትና መገላበጥ ሊለወጥ ይችላል፤ ብዛቱ ግን እስከ ምጥ ድረስ መቀነስ የለበትም። ፅንስ ይተኛል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን እንቅልፉ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ በጤነኛ ፅንስ ከ90 ደቂቃ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። «ዛሬ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ዋለ» የሚባል ነገር የለም። በእንግዴ ልጁ በኩል የሚደርሰው ኦክስጅንና ምግብ ሲያንሰው ፅንስ ጉልበቱን ለመቆጠብ እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፤ እናት ቀድማ ልታውቅ የምትችለው ምልክት ይህ ነው።

«ጾም ስለሆነ ነው፣ ስኳር ውሃ ጠጪና ይነቃል» የሚለውም ጊዜ ይበላል። ጣፋጭ ነገር ፅንስን እንደሚያነቃ አስተማማኝ ማስረጃ የለም።

ለሁሉም የሚሠራ የርግጫ ቁጥርም የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የእርግዝና ክትትል ምክረ ሐሳብ በየቀኑ መቁጠርን እንደ መደበኛ ሥራ አልመከረም። መለኪያው የዚሁ ልጅ የትናንትና የዛሬ ልማድ ነው፤ የታላቁም የጎረቤትም አይደለም። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የተጠራጠረች እናት በግራ ጎኗ ተኝታ ሐሳቧን ሆዷ ላይ ታድርግ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልሞላ ትሂድ። መቀነሱን እርግጠኛ ከሆነች ደግሞ ሁለቱን ሰዓትም አትጠብቅ።

ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ጣና ዳር እናቶች አስቤ ነው። ባሕር ዳር ከተማ ላለች ሴት ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታል ቅርብ ናቸው። ደቅ ደሴት ላይ ላለች ግን መንገዷ ጀልባ ነው፤ ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባ አይነሳም፣ ሌሊት መንገድ የማይሞከርበት ጊዜም አለ። ጠዋት የታየን ለውጥ «እስከ ማታ እንየው» ማለት እዚያ አንድ ሙሉ ቀን ሊያስከፍል ይችላል።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚሆነው ብዙ አያስፈራም። አዋላጇ የፅንስ ልብ ምት ማዳመጫውን ሰፊ አፍ እናትየዋ ሆድ ላይ ታሳርፋለች፣ በሌላው ጫፍ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ በእጇ ደግሞ የእናትየዋን የደም ሥር ትይዛለች፤ የእናትና የልጅ ምት እንዳይምታታባት ነው። የፅንሱ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የደም ግፊትና የማህፀን ከፍታ ይለካል፣ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ትላካለች። አንድ ጊዜ ቀነሰብኝ ብለው ከሚመጡ 100 እርጉዞች 70 ያህሉ ያለ ችግር ይጨርሳሉ። ደግሞ ከቀነሰባት ደግማ ትምጣ፤ «አስቸገርኳቸው» ብላ መሳቀቅ የለባትም።

አማቶች፣ እናቶች፣ ባሎች፦ «ዛሬ ልጁ ቀነሰብኝ» ስትላችሁ የቀድሞ ልጆቿን አትቁጠሩላት። ጀልባውን ፈልጉላት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውሉ፣ በዚያው ቀን አድርሷት።