የአባትም ዘር ዥንጕርጕር ነው

ባገራችን «የእናት ሆድ ዥንጕርጕር ነው» የሚል የቆየ ተረት አለ። ካንድ አባትና ካንድ እናት የተወለዱ ልጆች አንዱ ቀይ ሌላው ጥቁር፥ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር፥ አንዱ ቍጡ ሌላው ትዕግሥተኛ ሆነው ሲታዩ ሰው ሁሉ ይህንኑ ተረት ይጠቅሳል። ተረቱ የወንድማማችና የእኅትማማች መለያየት የተለመደ ነገር መሆኑን በማሳየቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን በእናት ሆድ ላይ ብቻ በመጣሉ ጐዶሎ ነው። ጐዶሎነቱ በተረት ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። በብዙ ቤት ግን ወደ ፍርድ ተለውጦ እናቶችን ሲያስለቅስ ኖሯል። ደጋግማ ሴት ልጅ የወለደች ሚስት «ወንድ የማይሆንላት» ተብላ ስትታማ፥ አማት ፊቷን ስታጠቍርባት፥ ባልም ወራሽ የሚሆን ወንድ ልጅ ፍለጋ ትዳሩን ሲፈታ ወይም ከውጭ ሲወልድ የታየበት ዘመን ረጅም ነው፤ ዛሬም ፈጽሞ አላለፈም።

ስለዚህ የወላጆች መልክና ባሕርይ ለልጆች እንዴት እንደሚተላለፍ፥ ይልቁንም የልጅ ወንድነት ወይም ሴትነት ከማን ወገን በሚመጣ ዘር እንደሚለይ፥ ሊቃውንት መርምረው ያገኙትን ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ልናስረዳ ወደድን። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የጥንት ሰዎችም ይህን ምሥጢር ለማወቅ ብዙ ደክመዋል። ከግሪክ ፈላስፎች አንዱ የሆነው አናክሳጎራስ ወንድ ከቀኝ በኩል፥ ሴት ከግራ በኩል ይገኛሉ ብሎ ያስብ ነበር። አርስጣጣሊስ ደግሞ ይህን አሳብ ነቅፎ፥ የአባት ዘር ሙቀቱ ሲበረታ ልጁ ወንድ፥ ሲደክም ግን ሴት ይሆናል አለ። እነዚህ ሰዎች ታላላቅ አሳቢዎች ነበሩ፤ ነገር ግን በዓይን የማይታየውን የሚያሳይ መሣሪያ ስላልነበራቸው በግምት መናገር ግድ ሆነባቸው። ነገሩ የተገለጠው ማይክሮስኮፕ የተባለው አጉሊ መሣሪያ እየተሻሻለ ከሄደ በኋላ ነው።

የሰው አካል ሴል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ከጥቂቶቹ በቀር በያንዳንዱ ሴል ውስጥ አስኳል አለ፤ በአስኳሉም ውስጥ ክር የሚመስሉ ክሮሞሶሞች ይገኛሉ። ክሮሞሶም ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው «ቀለም ያለው አካል» ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው መርማሪዎች ለማየት እንዲመቻቸው ሴሉን ቀለም ሲነክሩት ቀለሙን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የሰው ክሮሞሶም ቍጥር 48 ነው እየተባለ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲነገር ከኖረ በኋላ፥ ጆ ሂን ቺዮና አልበርት ሌቫን የተባሉ መርማሪዎች በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ በጥንቃቄ ቈጥረው 46 መሆኑን በ1956 ዓ.ም. አስታወቁ።

እነዚህ 46 ክሮሞሶሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ 23 ጥንድ ናቸው፤ ከያንዳንዱም ጥንድ አንዱ ከአባት፥ ሌላው ከእናት የመጣ ነው። በክሮሞሶሞቹ ላይ ደግሞ ጂን የሚባሉ የውርስ ትእዛዞች በተራ ተሰልፈው ይገኛሉ። ቍጥራቸው 20,000 ያህል ሲሆን፥ የዓይንን ቀለም፥ የጠጕርን ዓይነት፥ የደምን ዓይነትና ሌላውንም የሰውነት አሠራር የሚመሩ እነርሱ ናቸው። ብዙው ነገር ግን ባንድ ጂን ብቻ አይወሰንም። ቁመት በብዙ ጂኖች ኅብረትና በምግብ ይወሰናል፤ ጠባይም ከዘር ጋራ በአስተዳደግና በትምህርት ይቀረጻል። ስለዚህ «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ሌላው ተረታችን ከእውነቱ ከፊሉን ብቻ ይናገራል።

ይህ ውርስ የቀድሞውን የርስት ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ለማስተዋል አያስቸግርም። በዚያ ሥርዓት ልጅ በአባቱም በእናቱም ወገን ተቈጥሮ ርስት ይካፈል ነበር። የክሮሞሶምም ውርስ እንዲሁ በሁለት ወገን ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ያለ ክርክርና ያለ ዳኛ 23ቱ ከአባት፥ 23ቱ ከእናት መድረሳቸው ነው። የወላጆች የዘር ፍሬ በሚዘጋጅበት ጊዜ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ ለያንዳንዱም ፍሬ ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ይደርሰዋል። ከየጥንዱ የትኛው እንደሚሄድ እንደ ዕጣ ነው። ዕጣው 23 ጊዜ ሲጣል ካንድ ሰው ብቻ 8,388,608 ዓይነት ልዩ ልዩ ድልድል ሊገኝ ይችላል። ጥንዶቹም ከመለያየታቸው በፊት ክፍሎቻቸውን እርስ በርሳቸው ስለሚለዋወጡ የድልድሉ ዓይነት ከዚህ እጅግ ይበዛል። ይህ ሁሉ በእናት ዘንድ እንዳለ እንዲሁ በአባት ዘንድ አለ። እንግዲህ የእናት ሆድ ዥንጕርጕር ከተባለ የአባትም ዘር ዥንጕርጕር ነው መባል ይገባዋል።

ወንድነትንና ሴትነትን የሚለየው ከ23ቱ ጥንዶች አንዱ ነው። ሄርማን ሄንኪንግ የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1891 ዓ.ም. የአንድ ተባይ ዘር ሲመረምር ከሌሎቹ ጋራ የማይሄድ አንድ ነገር አየ፤ ምንነቱም ስላልታወቀለት «ኤክስ» የሚል ምልክት አደረገበት። ምሥጢሩን የፈታችው ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች አሜሪካዊት ናት። እርስዋም ብሪን ማር በሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ትመራመርና ታስተምር ነበር። በ1905 ዓ.ም. በዱቄት ውስጥ የሚራባውን ጥንዚዛ ስትመረምር፥ የሴቲቱ ሴል 20 ትልልቅ ክሮሞሶሞች እንዳሉት፥ የወንዱ ግን 19 ትልልቅና 1 ትንሽ ክሮሞሶም እንዳለው አስተዋለች። የወንዱ ዘርም ሁለት ዓይነት ሆኖ አገኘችው፤ እኵሌታው 10 ትልልቅ፥ እኵሌታው 9 ትልልቅና 1 ትንሽ ይዟል። የእናቲቱ እንቍላል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ ተነሥታ ፆታን የሚለየው በአባት ዘር ውስጥ ያለው ልዩነት ነው ወደሚል ፍርድ ደረሰች። በዚያው ዓመት ኤድመንድ ዊልሰን የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ሊቅም በራሱ ምርምር ወደዚሁ አሳብ ቀርቦ ነበር። ስቲቨንስ በ1912 ዓ.ም. ሞተች፤ ሥራዋ ግን ቀርቶ አልቀረም።

ትንሹ ክሮሞሶም ኋላ «ዋይ» ተባለ። በሰውም ሥርዓቱ እንዲሁ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። እናት ያላት ኤክስ ብቻ ስለ ሆነ ለወንድም ለሴትም ልጅ የምትሰጠው ኤክስ ነው። አባት ኤክስ የሰጠ እንደ ሆነ ልጁ ሴት፥ ዋይ የሰጠ እንደ ሆነ ልጁ ወንድ ይሆናል። በ1959 ዓ.ም. በሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ የወንድነት ምክንያት ዋይ መሆኑን አጸና። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን ያሉ መርማሪዎች በዋይ ላይ ያለውንና ፅንሱን ወደ ወንድነት የሚመራውን ጂን ለይተው አገኙ። በሚከተለውም ዓመት ይህን ጂን ሁለት ኤክስ ባለው የአይጥ ፅንስ ውስጥ ቢያገቡት ፅንሱ ወንድ ሆኖ ተወለደ። ከዚህ ሥርዓት የሚያፈነግጥ አልፎ አልፎ ይገኛል፤ ይኸውም ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሴት ብቻ የወለደች እናት ጥፋቷ ምንድን ነው? ምንም የለባትም። ይሁን እንጂ ነቀፋውን ከእናት አንሥቶ በአባት ላይ መጫንም ትክክል አይሆንም፤ አባት ከብዙ ሚሊዮን የዘር ፍሬዎቹ መካከል የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ አይመርጥምና። ነገሩ ዕጣ ነው። በዓለም ላይ 100 ሴቶች ሲወለዱ 105 ያህል ወንዶች ይወለዳሉ፤ ስለዚህ ዕጣው ከሞላ ጐደል እኩል ነው። ዕጣው እኩል ነው ብለን ብናሰላ፥ አራት ልጆች ካሏቸው 16 ቤቶች በአንዱ አራቱም ሴቶች፥ በአንዱም አራቱም ወንዶች ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል። አራት ሴቶችን የወለደ ቤት ለአምስተኛው ልጅ ያለው ዕጣ እንደ መጀመሪያው ያው እኩል ነው። ዕጣ ያለፈውን አያስታውስም፤ ካሣም አይከፍልም።

ይህን አለማወቅ ምን ያህል ጕዳት እንደሚያመጣ ለማየት የእንግሊዝን ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ሄንሪ በ1509 ዓ.ም. የአራጎንን ልዕልት ካትሪንን አገባ። ካትሪን ብዙ ጊዜ ፀነሰች፤ በ1511 ዓ.ም. የተወለደው ወንድ ልጅ ሁለት ወር ሳይሞላው ሞተ፤ ከልጆቿ ለማደግ የበቃችው በ1516 ዓ.ም. የተወለደችው ሜሪ ብቻ ናት። ንጉሡ ወንድ ወራሽ ስለ ፈለገ ካትሪንን ለመፍታት ቈረጠ፤ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ባይፈቅድለት የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከሮማ ለየ። በ1533 ዓ.ም. ንግሥት የሆነችው አን ቦሊን ስትፀንስ የልዑል መወለድ የሚነገርባቸው ደብዳቤዎች አስቀድመው ተጽፈው ተዘጋጁ። የተወለደችው ግን ኤልሳቤጥ ናት፤ በደብዳቤዎቹም «ልዑል» የተባለው ቃል አንዲት ፊደል ተጨምራበት ወደ «ልዕልት» ታረመ። ከሦስት ዓመት በታች በሆነ ጊዜ፥ በ1536 ዓ.ም.፥ አን በዝሙትና በአገር ክሕደት ተከሳ አንገቷ ተቈረጠ። ሦስተኛይቱ ሚስት ጄን ሲሞር በ1537 ዓ.ም. ኤድዋርድን ወልዳ በ12ኛው ቀን ሞተች።

አሁን እንደምናውቀው ሜሪንም ኤልሳቤጥንም ሴት ያደረጋቸው ከንጉሡ ከራሱ የተቀበሉት ኤክስ ነው። ሁለቱ ንግሥቶች በራሱ ዘር ዕጣ ምክንያት ተዋረዱ። ያ ሁሉ የተደረገለት ኤድዋርድም ስድስት ዓመት ብቻ ነግሦ በ15 ዓመቱ ሞተ። የተጠላችው ሴት ልጅ ኤልሳቤጥ ግን ከ1558 እስከ 1603 ዓ.ም. ነግሣ፥ ከእንግሊዝ ነገሥታት ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚጠራው አንዷ ሆነች። በዚያው አገር በ2013 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በኋላ የሚወለዱት የንጉሥ ቤት ልጆች፥ ወንድም ሴትም፥ በልደት ቅደም ተከተል ወራሽ እንዲሆኑ አድርጓል።

«ወንድ ልጅ ከሌለ ዘሬ ይጠፋል» የሚል አባትም ደጋግሞ ቢያስብ መልካም ነው። እርግጥ ነው፥ ዋይ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይሄዳል። ነገር ግን ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከአባቷ 23 ክሮሞሶም ትወርሳለች። እንዲያውም በኤክስ ላይ ያሉት ጂኖች 800 ያህል ሲሆኑ በዋይ ላይ ያሉት 100 ያህል ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ በጂን ቍጥር ቢመዘን ከአባቷ ይበልጥ የወረሰችው ሴቲቱ ናት። ለአማትም አንድ ነገር እንነግራታለን። አባት ለሴት ልጁ የሚሰጣት ኤክስ እርሱ ከገዛ እናቱ የተቀበለው ነው። የልጅዋ ሴት ልጅ የአያቷን ኤክስ ይዛ ትወለዳለች፤ የልጅዋ ወንድ ልጅ ግን ያን ኤክስ አይወርስም። የልጅ ልጇ ሴት በመሆኗ ፊቷን የምታጠቍር አማት እንግዲህ የምትጠላው የራሷን ውርስ ነው።

ወንድ ለመውለድ ይህን ብሉ፥ ያን ጠጡ፥ በዚህ ጐን ተኙ እየተባለ የሚነገረውም ምክር ብዙ ነው። ፅንሱ በተያዘበት ሰዓት የኤክስና የዋይ ነገር ስላለቀ፥ ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ማናቸውም መብል ወይም መድኃኒት የልጁን ፆታ ሊለውጥ አይችልም። ይልቁንስ ያልታወቀ መድኃኒት እናትንም ልጅንም ሊጐዳ ይችላል። ለነፍሰ ጡር የሚጠቅማት የተመጣጠነ ምግብ፥ ዕረፍት፥ የሐኪም ክትትልና ከባሏ የሚደረግላት ርኅራኄ ነው።

በብዙ ቤት ወንድ ሲወለድ የሚሰማው እልልታ ሴት ስትወለድ ከሚሰማው ይበልጣል። የቤት አባወራ ግን ይህን የተፈጥሮ ሥርዓት ካወቀ፥ ከአራስ ቤት «ሴት ናት» የሚል ቃል በመጣለት ጊዜ ፊቱን ማጥቈር አይገባውም። ሚስቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ያጽናናት፤ ልጂቱንም ተቀብሎ ያሳድጋት፥ እንደ ወንድሟም ያስተምራት። የተቀበላት ልጅ ግማሽዋ የእናቷ፥ ግማሽዋም የራሱ ናትና።