ፈረንሳይኛና ሞንጎልኛ፦ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች ሲነጻጸሩ

እ.አ.አ. በ1289 የዛሬዋን ኢራንና አካባቢዋን ይገዛ የነበረው የሞንጎሎች ኢልኻን አርጉን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለፊሊፕ 4ኛ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለቱ ሠራዊቶች ተባብረው በማምሉኮች ላይ እንዲዘምቱ የሚጠይቅ፣ ድል ከቀናቸውም ኢየሩሳሌምን ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለመስጠት ቃል የሚገባ መልእክት ነበር። የታሰበው ዘመቻ ሳይፈጸም ቀረ፤ አርጉንም በ1291 ሞተ። ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ደብዳቤ ግን ዛሬም በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል። ቋንቋው ሞንጎልኛ ነው፤ ጽሑፉም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

በላኪውና በተቀባዩ ቋንቋ መካከል የዘር ዝምድና አልነበረም። ፈረንሳይኛ ከላቲን የተወለደ፣ የኢንዶ-አውሮፓ ቤተሰብ አባል ነው። ዓለም አቀፉ የፍራንኮፎን ድርጅት ተናጋሪዎቹን ከ300 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። ሞንጎልኛ በበኩሉ ቡርያትንና ካልሚክን የሚያቅፈው የሞንጎሊክ ቤተሰብ ዋነኛ ልሳን ሲሆን፣ በሞንጎሊያና በቻይናዋ የውስጥ ሞንጎሊያ ግዛት ይነገራል። እንዲህ የተራራቁ ቋንቋዎችን ማነጻጸር የሚጠቅመው አንድ ቋንቋ ተናጋሪውን ምን ምን እንዲናገር እንደሚያስገድደው ስለሚያሳይ ነው።

ግሱ የት ይቀመጣል?

ፈረንሳዊ «ወተት እጠጣለሁ» ለማለት «ዥ ቧ ዱ ሌ» ይላል። ቃል በቃል ሲፈታ «እኔ እጠጣለሁ ወተት» እንደማለት ነው። ሞንጎላዊው ደግሞ «ቢ ሱ ኡዳግ» ይላል፤ «ቢ» እኔ፣ «ሱ» ወተት፣ «ኡዳግ» የመጠጣት ግስ ነው። ግሱን ዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ላይ በማስቀመጥ ሞንጎልኛ ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። ልዩነቱ የሞንጎልኛው ግስ ጠጪው ማን እንደሆነ አለመናገሩ ነው። እኔም ብጠጣ፣ አንተም ብትጠጣ፣ እነርሱም ቢጠጡ ያው «ኡዳግ» ነው።

ሌላው ልዩነት በቃላት አሠራር ላይ ይታያል። ፈረንሳይኛ ከስሙ በፊት መስተዋድድና መስተኣምር ይደረድራል፤ «ከቤቴ» ለማለት ሦስት ቃላት ያስፈልጉታል። ሞንጎልኛ ግን ክፍሎቹን ከቃሉ ኋላ እያከታተለ ይቀጥላል። «ጌር» ቤት ነው፤ «ጌሬስ» ከቤት፤ «ጌሬሴ» ደግሞ ከገዛ ቤት ማለት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ መካከለኛ ቦታ ይይዛል፤ በ«ከቤቴ» ውስጥ «ከ» ከፊት፣ የባለቤትነቱ ምልክት ከኋላ ተቀጥሏል።

የሞንጎልኛ ቅጥያዎች ድምፃቸውን ከግንዱ አናባቢ ጋር ያስማማሉ። ታላቅ ወንድም «አኽ» ነው፤ «ከታላቅ ወንድም» ሲባል «አኻስ» ይሆናል። ከተማ «ኾት» ስለሆነ «ከከተማ» ማለት «ኾቶስ» ነው። ቅጥያው አንድ ሲሆን አናባቢው ግን እንደ ግንዱ ይለዋወጣል። የቋንቋ ምሁራን ይህን የአናባቢ ስምምነት ይሉታል፤ ፈረንሳይኛ እንዲህ ያለ ደንብ የለውም።

ወንድም ወይስ እህት? ታላቅ ወይስ ታናሽ?

ትልቁ የትርጉም ፈተና ከሰዋስው ወደ ቤተሰብ ሲሻገሩ ይመጣል። ፈረንሳይኛ ለእያንዳንዱ ስም ጾታ ይሰጣል፤ ፀሐይ ተባዕት፣ ጨረቃ አንስት ናት። ሞንጎልኛ ሰዋስዋዊ ጾታ የለውም፤ «ቴር» የሚለው ቃል እርሱም፣ እርሷም፣ ያም ሊሆን ይችላል። ሞንጎልኛ አጥብቆ የሚጠይቀው ዕድሜን ነው። ታላቅ ወንድም «አኽ»፣ ታላቅ እህት «ኤግች» ሲሆኑ፣ ታናሹ ግን ወንድ ሆነ ሴት «ዱ» ይባላል።

ስለዚህ ፈረንሳዊት «እህቴ» ብላ ስትጽፍ ሞንጎላዊው ተርጓሚ «ታላቅሽ ናት ወይስ ታናሽሽ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ሞንጎላዊው «ዱ» ሲል ደግሞ የፈረንሳይኛው ተርጓሚ «ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ይላል። መልሱ በጽሑፉ ውስጥ ከሌለ ሁለቱም ከመገመት ሌላ ምርጫ የላቸውም።

በአክብሮት ረገድ ግን ቋንቋዎቹ ይገናኛሉ። ፈረንሳይኛ «ቱ» እና «ቩ»፣ ሞንጎልኛ «ቺ» እና «ታ» ብለው ይለያሉ፤ በእኛ አንተ እና እርስዎ መሆኑ ነው።

የፊደሎቹ የዘር ሐረግ

ቋንቋዎቹ ባይዛመዱም ፊደሎቻቸው ይዛመዳሉ። የላቲን ፊደል በግሪክ በኩል ከፊንቄ የመጣ ነው። ቁልቁል የሚጻፈው የሞንጎሎች ፊደል ከኡይጉር፣ የኡይጉሩ ከሶግድ፣ የሶግዱም ከአራማይክ ፊደል ይወርዳል። ሁለቱም መስመሮች ወደ ኋላ ሲመዘዙ የግዕዝ ፊደልም ከበቀለበት ጥንታዊ ሴማዊ ሥር ይደርሳሉ።

ሁለቱ አጻጻፎች ያለፈውን ዘመን ድምፅ በማቆየትም ይመሳሰላሉ። ፈረንሳይኛ ጊዜን «ታን» ብሎ ያነባል፤ ከላቲኑ «ቴምፑስ» የተወረሱት «ፕ» እና «ስ» ግን ዛሬም ይጻፋሉ። የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላን ባታር ስሟ «ቀይ ጀግና» ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ ፊደል «ኡላጋን ባጋቱር» በሚያሰኝ ሆሄ ይጻፋል።

ሞንጎሊያ በ1940ዎቹ ወደ ሲሪሊክ ፊደል ተሻግራ ነበር። በ2015 የወጣው የቋንቋ ሕግ ግን የመንግሥት ተቋማት ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሲሪሊክንና ጥንታዊውን ፊደል ጎን ለጎን እንዲጠቀሙ ያዝዛል።

የአስተርጓሚው ወንበር ላይ ማሽን ሲቀመጥ

ዛሬ ብዙውን የትርጉም ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተር ነው። ማሽኑ የሚማረው ሰዎች ከተረጎሟቸው ጥንድ ጽሑፎች ነው፤ ከሞንጎልኛ በቀጥታ ወደ ፈረንሳይኛ የተተረጎሙት ደግሞ ጥቂት ናቸው። በዚህ ጊዜ የተለመደው መፍትሔ እንግሊዝኛን መሸጋገሪያ ማድረግ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንድ ቃል ይጠራል። ሞንጎላዊው ለሽማግሌ የተናገረው «ታ» መሸጋገሪያው ላይ አክብሮቱን ጥሎ ያልፍና፣ ፈረንሳይኛ «ቩ» የሚል ቃል እያለው «ቱ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ይህ ችግር ለአማርኛ ተናጋሪም ሩቅ አይደለም። በብራስልስ፣ በጄኔቭ ወይም በሞንትሪያል የሚኖር ወገናችን የእናቱን የሕክምና ማስረጃ ወይም የቤተሰቡን የጥገኝነት ማመልከቻ በስልኩ ሲያስተረጉም ያው መሸጋገሪያ ሊያጋጥመው ይችላል። የሴት ቃል በወንድ ከተተረጎመ፣ ታናሽ ወንድም ታላቅ ሆኖ ከተጻፈ፣ ሰነዱን የሚመረምረው ባለሥልጣን የሚያየው እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ነው። በመሆኑም ከማሽኑ የወጣን ጽሑፍ ከመፈረም በፊት ጾታን፣ የዝምድና ስሞችንና የአክብሮት አጠራሮችን ለይቶ ሁለቱን ቋንቋዎች ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ይበጃል።