ናይትሮጅንን አትናቁት

ሕፃን ልጅ በሙሉ ሰመመን ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የሳንባው ጥቂት ክፍል አየር አጥቶ መጨማደዱ የተለመደ ነው። ማደንዘዣው ጡንቻውን ያላላል፤ ደረቱ ገና ለስላሳ ነው፤ በጀርባው ሲተኛ ደግሞ ሆዱ ሳንባውን ወደ ላይ ይገፋል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከፈታል፤ ከቆየ ግን ለሳንባ ምች ይዳርጋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህን መጨማደድ የሚያባብሰው የኦክስጅን አምልኮ ነው። "ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ይሻላል" የሚለው እምነት ከአስታማሚው አልፎ ባለሙያው ዘንድም አለ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ናይትሮጅን ወደ ደም የሚሰርገው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ይቀመጣል፤ ግድግዳቸው እንዳይጣበቅ ደግፎ የሚይዘው ምሰሶ፣ ሥራ ፈት የምንለው ይኸው ጋዝ ነው። 100 በመቶ ኦክስጅን ሲሰጥ ናይትሮጅኑ ታጥቦ ይወጣል። ቀጭኗ የአየር ቧንቧ በአክታ ከተዘጋች፣ ከጀርባዋ የቀረውን ኦክስጅን ደሙ መጥጦ ይጨርሰዋል፤ ከረጢቱም ይጣበቃል። በትንንሽ ልጆች ይብሳል፤ ስድስት ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ቧንቧዎቹ በተለመደ ትንፋሽ እንኳ ሊዘጉ ይችላሉ፣ ከጎረቤት ከረጢት አየር የሚያሾልኩት ቀዳዳዎችም ገና አልዳበሩም። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አዋቂዎችን እንኳ በሲቲ ስካን ሲያዩ፣ መጨማደዱ ሰመመኑ በተሰጠ በደቂቃዎች ውስጥ ታየ።

እዚህ ገፈርሳ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኦክስጅን መጠባበቂያው ስስ ስለሆነ፣ ጥቂት ሳንባ ሲጨማደድ ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ቶሎ ይወርዳል፤ እጅም ወደ ኦክስጅኑ መክፈቻ ይሮጣል። ልጁን በሰመመን ሲያስተኙና ሲያነቁ ኦክስጅኑን ማብዛቱ አግባብ ነው። የምቆጣው ከፍተው ለሚረሱት ነው። ኦክስጅኑን በልክ አድርጎ፣ የትንፋሹ መጨረሻ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ያህል ግፊት የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ መጠቀም ሳንባውን ክፍት ያቆያል። ያለ እሷ፣ የተከፈተው ተመልሶ ይዘጋል።

ልጁ ከነቃ በኋላ ሥራው የቤተሰብም ነው። አንዲት የገፈርሳ አያት ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን የልጅ ልጃቸውን "አትነካኩት፣ ይተኛበት!" እያሉ ነርሷን ሲከላከሉ አይቻለሁ። "እማማ፣ ቀና ካላለ ሳንባው አይከፈትም" አለችና ማስታገሻውን ሰጥታ አስቀመጠችው። ግማሽ ሃይላንድ ውኃ አምጥታ ሰፋ ያለ ቱቦ 5 ሳንቲ ሜትር አስገባችበትና እንዲነፋ ሰጠችው። ውኃው ሲንቦጫቦጭ ልጁ ሳቀ፤ ሳቁም አስሳለው፤ አክታውም ወጣ። ውኃው የሚመልሰው ግፊት ከዚያች ቫልቭ ግፊት ጋር አንድ ነው።

የታዘዘለትን ኦክስጅን ማንም በገዛ እጁ አይቀንስ። ሕመሙ ሳይታገስ ሳል መጠበቅም ከንቱ ነው። ጥቁር አንበሳም ሆነ ጳውሎስ ሆስፒታል ልጅ ይዛችሁ ስትገቡ "ኦክስጅን ጨምሩለት" ከማለታችሁ በፊት "መቼ ላስቀምጠው? መቼስ ይንፋ?" ብላችሁ ጠይቁ።