ለለምጽ ጤና አዳም ይቀባል?

በተለይ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ዙሪያው ገጠር ላይ ቤተሰብ ያላችሁ ይቺን አንብቧት።

ለምጽ የሚመጣው ለቆዳችን ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ሲጠፉ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

"ቅጠል ቀለም ይመልሳል" የሚባለው ሙሉ በሙሉ ተረት አይደለም። አንዳንድ ተክሎች ውስጥ ሶራሌን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቆዳ ላይ ሆኖ ብርሃን ሲያገኘው በፀጉር ሥር የተረፉትን ሴሎች ቀስቅሶ ቀለም እንዲያመርቱ ያደርጋል። ግብፅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከአንድ የአገሬው ተክል ተጣርቶ የለምጽ መድኃኒት ሆኗል።

ቡናችን ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳምም የዚሁ ዓይነት ንጥረ ነገር አለው። ታዲያ ብንቀባው ምን አለበት? ችግሩ መጠኑ ነው። ሐኪም መድኃኒቱንም ብርሃኑንም ለክቶ ይሰጣል፤ ጭማቂውን ግን ማን ይለካዋል? ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ቀላል አይደለም። ተቀብቶ እርሻ ወይም ገበያ የዋለ ሰው በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ባሰ ሲል ቁስሉ ራሱ አዲስ ለምጽ ያወጣል።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ የነጣው ቦታ ሲነኩት ከደነዘዘ ለምጽ ሳይሆን ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥጋ ደዌ ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው። ካልደነዘዘም ቅጠል ከመጨመቃችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ይየው።

ለገጠር ዘመዶቻችሁም ደውላችሁ ንገሯቸው።